ሁሌ የምናውቀውን ወይስ የተረሳውን?

አንጋፋ ድምፃዊ መድረክ ሲወጣ የታወቁትን ይዝፈን ወይስ ይቀያይር? እኔ ይቀያይር ባይ ነኝ። ግን የሌላውም ወገን ስሜት ይገባኛል።

ማህሙድ አህመድ "ኧረ መላ መላ"ን ሳይዘፍን ቢወርድ ኖሮ ማን ዝም ይለው ነበር? እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ዘፈን ነው፣ ዛሬም ሙዚቃው ሲገባ ያልተወለዱት ሁሉ አብረው ያዜሙታል። ስንት ዓመት ጠብቆ፣ ቲኬት ቆርጦ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ይህን ቢነፈግ ያሳዝናል።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጣነውስ? ቀጥሎ የሚመጣውን በቃላችን እናውቀዋለን። አሜሪካዊው የሮክ ድምፃዊ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ታዳሚው ካርቶን ላይ ጽፎ የያዘውን የዘፈን ርዕስ ይቀበላል፣ ባንዱም ለዓመታት ያልነካውን እዚያው ተስማምቶ ይጫወትለታል፤ ያ ካርቶን ከእጅህ ሲወሰድ ምን እንደሚሰማ አስቡት! ሌላው አሜሪካዊ ድምፃዊ ቦብ ዲላን ደግሞ ዜማውን ራሱ ስለሚለውጠው ሰው ግጥሙን እስኪሰማ ዘፈኑን አይለየውም። ይሄ ለእኔ በዛ።

የእኛዎቹ ግን በካሴት ዘመን የሠሯቸው፣ መድረክ ላይ ሰምተናቸው የማናውቃቸው ስንት ዘፈኖች አሏቸው። ሦስት አራቱን የግድ ይዝፈኑልን፣ የቀረውን ከዚያ ያውጡልን።