ባለ ፊሌቶ ሪቬት መጭመቂያ፦ አጭሯን ወይስ ባለ ረጅም እጀታውን?

መኪና ላይ ብየዳ የማይደፈርበት ስስ ላሜራ ላይ ቡሎን ማሰር ለሚፈልግ ይሄ እቃ ግድ ነው፤ ውስጡ ፊሌቶ (የቡሎን ጥርስ) ያለውን ሪቬት ቀዳዳው ውስጥ ጨምቆ ያስይዛል፣ ቡሎኑ እሱ ላይ ይታሰራል። አጭሯ በአንድ እጅ የምትጨመቀዋ ርካሽ ናት እሺ፣ ለታርጋ ምናምን ኤም 4 እና ኤም 5 (የ4 እና የ5 ሚሊ ቡሎን የሚገባበት) አሉሚኒየም ሪቬት ትመታለች፣ የብረቱን ኤም 8 ግን ክንድ ትጨርሳለች እንጂ ንቅንቅ አይልም። እኔ ባለ ሁለት ረጅም እጀታውን ነው የወሰድኩት ፖርቶመጋላ ልገጥምበት፣ ኤም 8 ራሱ ያለ ግብግብ ገባ፣ ሪቬቱ ከላሜራው ጀርባ አብጦ ሲይዝ እጀታው ድንገት ይከብዳል፣ እዛ ላይ ማቆም ነው አለበለዚያ ፊሌቶው ይበላል።

ስትገዙ ከእጀታው በላይ ጫፉ ላይ ያለችውን ሪቬቱ የሚጠመጠምባትን ቡሎን እዩ፣ ቀድማ የምታልቀው እሷ ናት፣ ለብቻዋ መቀየሪያ ከሌላት ተዉት። ቀዳዳውንም አታስፉ! ለኤም 6 ብዙ ጊዜ 9 ሚሊ ፑንታ ነው፣ ለኤም 8 ደግሞ 11፣ ትንሽ ከለቀቀ ሪቬቱ ከቡሎኑ ጋር አብሮ ይዞርና ማውጣቱ መከራ ነው። ቅሬታዬ የእጀታው ጎማ ዘይት ሲነካው ይንሸራተታል፣ ሳጥኑ ውስጥ የመጡት ሪቬቶችም ሁሉም አሉሚኒየም ናቸው፣ ክብደት ለሚሸከም ቦታ የብረቱን ለብቻ ግዙ።