ሐረማያ ቤት ልትከራዩ ያሰባችሁ ድሬዎች፣ መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ክፈቱ

ድሬ ላይ ትንንሽ ልጆች እያሳደጋችሁ «ሙቀቱም ኪራዩም ገደለን፣ ወደ ላይ እንውጣ» የምትሉ ካላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም ቀብድ እንዳትሰጡ። እኛ ሰጥተናል። በ4 ወራችን ዕቃችንን አይሱዙ ላይ መልሰን ጭነን የደንገጎን ዳገት ቁልቁል ወደ ድሬ ወርደናል።

እኔ ከዚራ አካባቢ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ባለቤቴ መልካ ጀብዱ ፋብሪካ ይሠራል። ሴቷ ልጃችን 4 ዓመቷ ነው፤ ወንዱ ያኔ 8 ወሩ ነበር። ሳቢያን ሁለት ክፍል ቤት ነበረን። አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ ቤቱን ፈለጉት። ጥሩ ሰው ናቸው፣ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ጊዜም ሰጡን። ግን በዙሪያው የጠየቅነው ቤት ሁሉ ከ12,000 ብር አይወርድም። ግንቦት ደግሞ ገብቷል። የድሬን ግንቦት ለማታውቁት ምን ልበላችሁ? ሌሊት መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩ ይቆማል፣ ሕፃኑ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይተኛም። አንገቱ ሥር በሙቀት ሽፍታ ወጥቶበት ነበር። ወባ ያሳስበናል። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማውን እንዳለ ሲያጎብጠው እኔም ሳምንት ሙሉ ደረጃ መውጣት አቅቶኝ ነበር። ስለዚህ ወደ ደጋ እንውጣ ማለታችን ቅብጠት አልነበረም።

ደላላው የመጣው በዚህ ሰዓት ነው። «እህቴ፣ ሐረማያ እኮ ቅርብ ናት። 45 ደቂቃ! ልጅሽ ብርድ ልብስ ለብሶ ይተኛል።» ኪራዩ 6,000 ብር። ሰፊ ግቢ፣ ሁለት ክፍል፣ ኩሽና ለብቻው። በብርዱ አልዋሸም። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ። ሽቅቡን ጨርሳችሁ ከመኪና ስትወርዱ አየሩ ራሱ ያሳምናችኋል። እኔን ያሳመነኝ አየሩ ነው እንጂ ደላላው አይደለም።

ስለ ውሃ ስጠይቀው ሳቀብኝ። «ሐይቅ አጠገብ ሆነሽ ውሃ ትጠይቂኛለሽ?» አለ። ሐይቁ በ1990ዎቹ ደርቆ ሰው ከብት ያሰማራበት እንደነበር፣ ከዓመታት በኋላ እንደተመለሰ ሁላችንም እናውቃለን። ውሃው ሲመለስ ደስ ያላለው የለም። ግን ሐይቅ ማየትና ቧንቧ መክፈት ለየቅል ነው። ግቢው ውስጥ ትልቅ ሮቶ ቆሟል። ደላላው የኩሽናውን ቧንቧ ከፈተው፣ ውሃው ተንዠቀዠቀ። እኔም ልቤ ረጋ።

ከገባን በአራተኛው ቀን ሮቶው ባዶ ሆነ። የግቢውን ቧንቧ ብንከፍተው አየር ብቻ ተነፈሰ። አጥር የምንጋራቸው እናት ናቸው እውነቱን የነገሩኝ። «ልጄ፣ እናንተ ቤቱን ልታዩ ከመምጣታችሁ በፊት በነበረው ቀን ቦቴ መጥቶ ሞልቶት ሄደ» አሉኝ። እኛ ያየነው የመስመር ውሃ ሳይሆን በገንዘብ የተገዛ ውሃ ነበር። ኩሽናው የተቀጠለው ከሮቶው ነው። ከመስመሩ በቀጥታ የሚቀዳው ከበሩ አጠገብ ያለው አጭሩ ቧንቧ ነው፣ እሱን ማንም አልከፈተልንም። እኛም አልጠየቅንም።

በኋላ የገባኝ ነገር ደግሞ ያስቃልም ያናድዳልም። ወደ ሐረር የሚሄደው፣ እግረ መንገዱን ሐረማያንና ሌሎቹን የመንገድ ዳር ከተሞች የሚያጠጣው መስመር ዋናው ምንጩ እዚያው ድሬ ወገን ቆላው ላይ፣ ሀሰሊሶ ያሉት ጉድጓዶች ናቸው። በፓምፕ እየተገፋ ነው ተራራውን የሚወጣው። ፓምፕ ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም። ከድሬ ሸሽተን ስንወጣ ውሃችንን እዚያው ትተነው ነው የወጣነው ማለት ነው። በሳምንት አንድ ሌሊት ከመጣ ጥሩ ነው። የሕፃን ጨርቅ ለሚያጥብ ቤት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እናቶች ታውቁታላችሁ። በጀሪካን እየገዛን ኖርን።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። ዋናው ጉዳት እሱ ነው።

ደላላው ከቤቱ ጋር «ሰርቪስ» ሸጠልን። ጠዋት 12 ሰዓት ከሐረማያ ተነስቶ ድሬ የሚያደርስ፣ ማታ የሚመልስ ሚኒባስ። ለአንድ ሰው በወር 1,800 ብር፣ የ3 ወር በቅድሚያ። ለሁለታችን 10,800 ብር ቆጥረን ሰጠን። ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠርተነዋል። ከኪራዩ 6,000 እናተርፋለን፣ 3,600 ለመንገድ፣ የቀረው ለልጆቹ ወተት። ወረቀቱ ላይ አሪፍ ነበር።

ሰርቪሱ ለ3 ሳምንት ሠራ። ከዚያ አንድ ጠዋት ትራፊክ ደንገጎ ላይ አስቆመው። ያኔ ነው ታርጋውን አስተውዬ ያየሁት፣ ኮድ 2 ነው። የቤት መኪና ማለት ነው። ሰው ጭኖ ገንዘብ እንዲቀበል አይፈቀድለትም። የመናኸሪያ መውጫ ወረቀት የለው፣ የመስመር ስምሪት የለው። እኛ መንገድ ዳር ወርደን ሌላ መኪና ለመንን። ሾፌሩ በማግስቱ ስልኩን አጠፋ። ደላላው «እኔ አገናኘሁ እንጂ መኪናው የኔ አይደለም» አለ። አንድ ተሳፋሪ እንኳ ታርጋውን አላየም ነበር፣ ሁላችንም የተማርን ነን ባዮች!

ከዚያ በኋላ በመደበኛው ሚኒባስ ሆነ። ማታ ማታ የሚጨምሩብንን ደምረን ለሁለታችን በወር ከ9,000 ብር በላይ ይወጣል። ከኪራዩ ያተረፍነው 6,000 ነው፣ አስታውሱ።

45 ደቂቃውስ? አለ፣ በባዶ መንገድ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ሚኒባሱ እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ። የደንገጎን ጠመዝማዛ ከፊታችሁ የጫነ ከባድ መኪና ካለ እያዘገማችሁ ትወጣላችሁ። ጭጋግ ካለ ደግሞ በጸሎት ነው። ከአወዳይ ጫት ይዘው የሚወርዱት መኪኖች እንዴት እንደሚነዱ የሐረርጌ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን ልጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አንዱ ኩርባ ላይ ሲቀድመን ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩት። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ደግሞ የቁልቢ ተጓዥ ይጨመራል። ገብርኤልን እወዳለሁ፣ ግን በዚያ ሳምንት ሁለት ቀን ሥራ አርፍጄ ደመወዜ ተቆርጧል።

ማንም የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ድሬ ቀኑ ለሁለት የተከፈለ ከተማ ነው። እኛ መድኃኒት ቤቱን ጠዋት 2 ሰዓት ከፍተን 6 ሰዓት ተኩል እንዘጋለን። 10 ሰዓት ላይ መልሰን እንከፍታለን፣ ማታ 1 ሰዓት ተኩል እንዘጋለን። ድሬ ስትኖሩ ያቺ የቀትር እረፍት በረከት ናት። ቤት ትገባላችሁ፣ ምሳ ትበላላችሁ፣ ትንሽ ጋደም ትላላችሁ፣ ልጅ ታጠባላችሁ። ከሐረማያ ስትመላለሱ ግን ያቺ ሰዓት ቅጣት ናት። ቤት ሄዶ መመለስ አይቻልም። እኔ ለ4 ወር በዚያ ሙቀት ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ካርቶን አንጥፌ ተኛሁ። ጡቴ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ ልጁ እዚያ ላይ በጡጦ። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ዘግቼ መናኸሪያ ስደርስ ያለው መኪና አንድ ወይም ሁለት ነው፣ ዋጋውም ረዳቱ ያሰኘውን ነው። ቤት ስደርስ ሁለቱም ተኝተዋል። ሴቷ አንድ ቀን ጠዋት «ማሚ፣ ዛሬ እዚህ ነው የምታድሪው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌላውን ሁሉ ረስቼ ይህቺን አልረሳም።

«ትምህርት ቤት አጠገቡ ነው» ያለውም እውነት ነው። ትምህርቱ ግን በአፋን ኦሮሞ ነው። ተገቢም ነው፣ አገሩ ነው። ልጄም በሁለት ወር ከጎረቤት ልጆች ጋር መጣላት እስክትችል ድረስ ለምዳው ነበር። ግን ድሬ የጀመረችውን አቋርጣ ነው የሄደችው። ይህን ቀድመን አስበን፣ ራሳችን መርጠነው ቢሆን ሌላ ነበር።

ብርዱን ደግሞ በነጻ የመጣ ስጦታ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ኅዳር ላይ የድሬ ልጅ ሹራብ የለውም። ሁለቱም ሳሉ፣ ትንሹ ጤና ጣቢያ ተመላለሰ። ብርድ ልብስ፣ ካልሲ፣ ሹራብ፣ ሁሉም ግዢ ነው።

እንውጣ ብለን ስንወስን ውሉን አወጣነው። አንድ ገጽ ወረቀት። ደላላው አሳትሞ ያመጣው። ቅድሚያ የከፈልነው የ6 ወር ኪራይ 36,000 ብር ነው። አንድ መስመር አለችበት፦ «ተከራይ ከጊዜው በፊት ቢለቅ የከፈለው አይመለስም።» ፈርመንበታል። የፈረመልን ሰው ደግሞ ባለቤቱ አይደለም፣ ወንድሙ ነኝ ያለ ሰው ነው። ባለቤቱ ጅቡቲ ነው አሉን። ውክልና አሳዩን አላልንም። በማያውቁት ሰው ግቢ ቆሞ ወረቀት መጠየቅ ነውር መስሎ ታየን።

አቤት ለማለት ሞከርን። የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን እንደሚከለክል ሰምቻለሁ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ እንዳለበት፣ ከ2 ዓመት ማነስ እንደሌለበትም። ድሬ ላይ የሄድንበት ቢሮ «ቤቱ እኛ ጋ አይደለም» አለን። እውነቱን ነው። ሽቅቡን ስትጨርሱ ከድሬዳዋ አስተዳደር ወጥታችሁ ኦሮሚያ ክልል፣ ምሥራቅ ሐረርጌ ገብታችኋል። የክልል ከተማ ላይ አዋጁ የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ነው፣ ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት እዚያው ከተማ አስተዳደር ሄዳችሁ ጠይቁ። ሐረማያ ስንሄድ ደግሞ «ውሉን የት ተፈራረማችሁ? ምስክር አለ? ተመዝግቧል?» አሉን። ድሬ፣ ቡና ቤት፣ ምስክሩ ራሱ ደላላው። ጸሐፊዋ አዝና አየችን። እኔም ራሴን ታዘብኩት።

የሁለት ወር ኪራይ 12,000 ቀረ። ከሰርቪሱ ወደ 8,000። የደላላ 3,600። አይሱዙ ለመውጣትና ለመውረድ 14,000። የውሃና የሹራቡን አልቆጠርኩም።

ሐረማያን እያማሁ አይምሰላችሁ። ሥራቸው ዩኒቨርሲቲው የሆነ፣ ወይም እዚያው የሚነግዱ ሰዎች በደስታ ይኖራሉ፣ ሰዉም ደግ ነው። ስንወጣ ጎረቤታችን ለመንገድ ብለው በሶ በጥብጠው ሰጥተውናል። ጎረቤት ከተሞቹ አዴሌም አወዳይም ያው ናቸው። ጉዳዩ ድሬ እየሠሩ እዚያ ማደር ነው። የግድ ካላችሁ፣ ቤቱን ሳትከራዩ በፊት አንድ ሙሉ ሳምንት መንገዱን ራሳችሁ ተመላለሱበት፣ ማታውንም ጨምሩ። ቤት ልታዩ ስትሄዱ ለደላላው ሳትነግሩ ሂዱ። ከበሩ አጠገብ ያለውን ቧንቧ ክፈቱ። ሮቶውን አንኳኩት፣ ከዚያ ጎረቤት ቤት ግቡና ቡና ተጋበዙ። እኔ ያን ቡና የጠጣሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ይህን ዛሬ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት ጎረቤታችን ደውለውልኝ ነበር። የልጆቹን ደህንነት ጠይቀው፣ «ልጄ፣ ቦቴው መጥቷል፣ ሮቶውን እየሞላው ነው» አሉኝ።