ከደረጃ 4 ወደ ዲግሪ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ሰልጣኝ የሚያገኘው ድጋፍ ሲመዘን

ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ደረጃ 4 ጨርሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገር ለሚፈልግ ሰልጣኝ ያለው ድጋፍ በጥቅሉ መካከለኛ ነው። ጥሩ የሚያደርጉት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ እነሱን ያገኘ ይሻገራል፣ ያላገኘ ዓመት ያቃጥላል።

ደካማው ክፍል የኮሌጁ የሙያ ምክር ቢሮ ነው። ስለ ሥራ ፍለጋ በቂ ይናገራል፤ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሲጠየቅ ግን ማስታወቂያ ጠብቁ ይላል። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ለመፈተን መሯሯጥ አያዋጣም፣ ምዘናው የራሱ ወረፋ አለውና። «አብሽር» መባል ደስ ይላል፤ ሰልጣኙ የሚፈልገው ግን ቀን የተጻፈበት ወረቀት ነው።

ሬጅስትራር ውስጥ አንድ ጠንቃቃ ሠራተኛ ካለ ብዙ ነገር ይቀላል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ታሽጎ በቀጥታ ለተቀባዩ ተቋም ይላካል፤ በእጅ የሚሰጠው ስቱደንት ኮፒ አይተካውም። ቅደም ተከተሉ ክሊራንስ (ከኮሌጁ ንብረትና ዕዳ ነፃ መሆንን ማረጋገጫ) መጨረስ፣ ክፍያ መክፈል፣ ማስላክ፣ የመላኪያውን ደረሰኝ መያዝ፣ ከዚያም መድረሱን ከተቀባዩ ማጣራት ነው። ከሁሉ በፊት ግን ስም ይታይ። መሐመድ፣ ሰይድ፣ የሱፍ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ በትምህርት ማስረጃው፣ በሲኦሲውና በትራንስክሪፕቱ ላይ ሦስት ዓይነት ሆነው ይገኛሉ፤ ምዝገባ ላይ የሚያስመልሰውም ይኸው ነው። ማስተካከያው የሚቀለው ሰልጣኙ ገና ኮሌጅ ሳለ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የትምህርት ክፍሉ አሰልጣኝ ነው። ኮሌጁ የሚለካው በብቃት አሃድና በሥልጠና ሰዓት፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በክሬዲት ስለሆነ፣ የተወሰደ ሥልጠና በራሱ አይቆጠርም። የኮርሱን ይዘት ዘርዝሮ፣ ፈርሞና ማኅተም አስመትቶ የሚሰጥ አሰልጣኝ ካለ ቢያንስ የሚያቀርቡት ማስረጃ ይኖራል። ሌላው ሒሳብ ነው። ሥልጠናው ወደ ተግባር ያደላል፤ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ እጁ የማይሳሳት ልጅ ምህንድስና ገብቶ ሒሳብ ላይ ይወድቃል። ስንፍና አይደለም፣ መሠረቱ ስላልተጣለ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የ11ኛንና የ12ኛን ሒሳብ የሚከልስ አሰልጣኝ ከማንኛውም የምክር ቢሮ ይበልጣል።

ቀድሞ የተሻገረ ተማሪም ዋጋው ትልቅ ነው፣ ያውም አንዱ ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ሲመደብ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ሁለት ግቢ አለው፤ የቱ ትምህርት የት እንደሚሰጥ፣ የትኛው ኮርስ እንደሚከብድ፣ የቆየ ፈተና ከማን እንደሚገኝ የሚነግረው እሱ ነው። መቶዎች የሚንጫጩበት የቴሌግራም ግሩፕ ይህን አይተካም።

በትብብር ሥልጠና (ሰልጣኙ ድርጅት ውስጥ በሚለማመድበት ጊዜ) ላይ ያለውን የድርጅት ተቆጣጣሪ ብዙዎች ይረሱታል። በኋላ እዚያው ለተቀጠረና የሥራ ልምድ ለተጠየቀ ሰው የልምድ ደብዳቤውን የሚያስጨርሰው እሱ ነው፤ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን፣ የሥራ መደቡ፣ ደመወዙና የሥራ ግብር መከፈሉ ካልተጻፈበት ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል።

ኮሌጅ የሚመርጥ ቤተሰብ ከወርክሾፑ ስፋት በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ደረጃ 3 ሳያልቅ ልጁን የሚከታተል፣ ስሙ የሚታወቅ ሰው ትመድባላችሁ ወይ?