ለተጎዳ የእንጨት ዕቃ፦ ሼላክ፣ ናይትሮ ላከር ወይስ ቫርኒሽ?

የጠረጴዛ ገጽ ሲላጥ ብዙ ሰው ሱቅ ሄዶ ያገኘውን ጣሳ ገዝቶ ይመለሳል። ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ግን እንጨቱ ላይ አሁን ያለው ቅብ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ይለዩ፦ ሼላክ ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራና በአልኮል የሚሟሟ፣ ናይትሮ ላከር በናይትሮ ቲነር (ላከር ማቅጠኛ ፈሳሽ) የሚሟሟ፣ ቫርኒሽ ደግሞ አንዴ ከደረቀ የማይሟሟ ቅብ ነው። ከጠረጴዛው ሥር፣ ዓይን በማያየው ቦታ፣ ጥጥ በንጹሕ አልኮል ነክረው ግማሽ ደቂቃ ያህል ያሳርፉበት። ቅቡ ለስልሶ ጣት ላይ ከተጣበቀ ሼላክ ነው። ካልተጣበቀ በናይትሮ ቲነር ይሞክሩት፤ ከሟሟ ላከር ነው፤ ከተሸበሸበ ወይም ምንም ካልሆነ ደግሞ ቫርኒሽ ወይም ፖሊዩሪቴን (ጠንካራ የቫርኒሽ ዓይነት) ነው።

ለትንሽ ጥገና ሼላክን የሚያህል የለም። አዲሱ ቅብ የቆየውን ሼላክ አሟሙቶ ስለሚዋሃደው የተጠገነው ቦታ ጠርዙ አይታወቅም። 200 ግራም ደረቅ ሼላክ በ1 ሊትር አልኮል አሳድረው፣ በስስ ጨርቅ አጥልለው ይቀቡ፤ በ1 ሰዓት ገደማ ይደርቃል። ተበጥብጦ ወራት የቆየው ግን እየተጣበቀ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ደረቁን መግዛት ይሻላል፣ ጥርጣሬ ካለዎት መስታወት ላይ ጠብ አድርገው ሳይጣበቅ መድረቁን ይፈትሹ። ጠላቶቹ ሙቀትና አልኮል ናቸው። ትኩስ ጀበና ከተቀመጠበት ነጭ ቀለበት ያወጣል፣ አረቄ ከፈሰሰበት ይሟሟል። ለቁምሳጥን እንጂ ለምግብ ጠረጴዛ አንመክረውም።

ናይትሮ ላከርም ከቀድሞው ላከር ጋር ይዋሃዳል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥም ይደርቃል። ፍጥነቱ ግን ለብሩሽ አይመችም፤ ኮምፕሬሰር (በአየር ግፊት ቅብ የሚረጭ መሣሪያ) ይፈልጋል። በክረምት ደግሞ ቲነሩ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት ያርፍበትና ጉም የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣል። በቫርኒሽ ላይ ከተረጨ የሥሩን ያሸበሽበዋል። ኮምፕሬሰር ለሌለው ሰው አያዋጣም፣ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

ውሃና ሙቀት ለሚበዛበት ጠረጴዛ ፖሊዩሪቴን ቫርኒሽ ይበልጣል። ችግሩ ከደረቀ በኋላ አዲስ ቅብ አያሟሟውም፤ የተላጠውን ቦታ ብቻ ከቀቡት እንደተጣፈ ጨርቅ ይታያል። ገጹን ሙሉ በሙሉ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈትገው፣ ብናኙን ጠርገው፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ስስ አድርገው ይቀቡ። በዘይት የተሠራው ከሆነ በየቅቡ መካከል 24 ሰዓት ይጠብቁና በ320 ቁጥር ቀለል አድርገው ይፈትጉት። ሰም ባለው ሼላክ ላይ ከተቀባ ግን ይላጣል። የተጠቀሙበትን ጨርቅ ጠቅልለው አይጣሉ፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሳ ስለሚችል ዘርግተው ያድርቁት።

ጥቁር ምልክት ካለ ከሦስቱ አንዱም አይሸፍነውም፤ እርጥበቱ እንጨቱ ድረስ ገብቷል ማለት ነው፣ ቅቡ ተልጦ እንጨቱ በኦክሳሊክ አሲድ (እንጨት ማንጫ ኬሚካል) መታከም አለበት። ነጭ ቀለበት ግን ቅቡ ውስጥ ብቻ ያለ እርጥበት ነው። ሼላክ ወይም ላከር ላይ ከሆነ፣ አልኮል በትንሹ የነካ ጨርቅ ሳይጫኑ እንደ ነገሩ ቢያሳልፉበት ብዙ ጊዜ ይለቃል፤ ምንም መግዛት ላያስፈልግ ይችላል።