ዳግም ወደ ጎርጎራ፦ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ስላለፈ ዕረፍት

ከጎንደር ብዙ ሳይርቅ በውኃ ዳር ማረፍ ለሚሻ ቤተሰብ ጎርጎራ ዛሬም የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ከዓመታት በኋላ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ተመልሼ ስሄድ ቦታው እንደ ድሮው ደስ አሰኝቶኛል፤ በማረፊያውና በአገልግሎቱ ላይ ግን የምለው አለኝ።

መንገዱ ከአዘዞ ተነሥቶ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል የደምቢያን የጤፍና የሽምብራ ማሳ እያቋረጠ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን የሐይቁ ዳር ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ስለሚል፣ ከመኪና ሲወርዱ ሙቀቱ ወዲያውኑ ይታወቃል። በዚህ ዘመን የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሰሞን ከተመላለሰ ሾፌር ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም።

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ እየተነሣች ለዕረፍት ወደ ባርባዶስ ትመላለሳለች፤ ስለዚያች የካሪቢያን ደሴት ነጭ አሸዋ አውርታም አትጠግብ። የባርባዶስ አሸዋ ነጭ የሆነው ከኮራል ድንጋይ የተፈጨ ስለሆነ ነው። ጣና ደግሞ እሳተ ገሞራ የወለደው ድንጋይ የውኃውን መውጫ ገድቦት የተፈጠረ ሐይቅ በመሆኑ፣ በጎርጎራ ዳርቻ የሚጠብቀን ጥቁር ድንጋይ፣ ጭቃና ደንገል ነው። ለመዋኘት የሚመጣ ሰው ስለዚህ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ የሚባል በትል የሚመጣ በሽታ አለ፤ ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ከወጣ በኋላ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ በተለይም ሣር የበዛበትና ውኃው የማይንቀሳቀስበት ጥግ አደገኛ ነው። ጉማሬም አለ። ልጆችን ከውኃው ማራቅ የጉዞው አድካሚ ሥራ ነበር፤ ይህን መናገር ደስ ባይለኝም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከክረምት በኋላ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ የሚበረታው እምቦጭም አንዳንዱን ጥግ ለጀልባ እንኳ አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ያረፍንበት ግቢ ትልልቅ ሾላዎች ያጠሉበት፣ ከበረንዳው ላይ ሆኖ ዓሣ የሚያድነውን ንስር ማየት የሚቻልበት፣ ለዓይን ያማረ ቦታ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ጉድለቶቹ በቀላሉ የሚታረሙ ስለሆኑ ነው፦ በስልክ የተነገረን የአልጋ ዋጋ ስንደርስ ጨምሮ ጠበቀን፤ የቧንቧ ውኃ የሚመጣው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ አጎበሩም የተቀደደ ነበር። ደምቢያ የወባ አገር ሆኖ ሳለ የተቀደደ አጎበር መስቀል እንደ ትንሽ ጉድለት ሊታለፍ አይችልም።

ወጥ ቤቱን ግን ያለ ማጋነን አመሰግነዋለሁ። ጠዋት ከሐይቁ የወጣው ቆሮሶ ጎኑ ተተልትሎ፣ ሙሉውን ተጠብሶ፣ ከሎሚና ከሚጥሚጣ ጋር ሲቀርብ በከተማ ከምንበላው በረዶ ውስጥ ከከረመ ዓሣ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የዓሣ ጉላሹ ቲማቲም በዝቶበት ነበር። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለው የቆየ ክርክር በገበታችን ላይ ተነሥቶ፣ ባለቤቴ ሽሮ አዘዘች፤ ሽሮውም ጥሩ ነበር።

ለጎንደር ሰው ጎርጎራ ከመዝናኛነት ያለፈ ትርጉም አለው። ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆሩ በፊት አባቱ ሱስንዮስ በዚህ አካባቢ ከትሞ ነበር፤ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ማኅበር አባል) ካህንም እ.ኤ.አ. በ1622 ከዚህ ዓለም የተለየው እዚሁ ነው። በጀልባ የሚደረስበት የማርያም ግምብ ፍርስራሽ በድንጋይና በኖራ የመገንባት ጥበብ ከፋሲል ግቢ በፊት በዚህ ዳርቻ እንደነበረ ያሳያል፤ ግቢውን በልጅነታችን ስንመላለስበት ላደግን ሰዎች ይህን ማየት ራሱን የቻለ ጉዞ ይገባዋል። ወደ ደብረ ሲና ማርያም ገብቶ የግድግዳ ሥዕሎቹን ማየት ደግሞ ረጋ ያለ ሰዓት ይፈልጋል። ማንዳባ መድኃኔ ዓለም ገዳም ሴቶች ስለማይገቡበት፣ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ጉዞውን አስቀድሞ ቢከፋፍል ይሻላል።

የጀልባ ዋጋ ሳይሳፈሩ በፊት፣ በሰው ሳይሆን በጀልባ ተነጋግሮ መቁረጥ ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣና ሐይቁ ስለሚናወጥ ጉዞው በማለዳ ይሁን፤ የሕይወት አድን ጃኬት በልጆች ልክ መኖሩንም መጠየቅ ይገባል፤ በእኛ ጀልባ ላይ የነበሩት ሁሉም የአዋቂ ነበሩ።

እንግዳ ወደ ጎንደር የሚጎርፈው ለጥምቀት ስለሆነ ከፊሉ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ አልጋም ያኔ ይወደዳል። እኔ የምመለሰው በየካቲት፣ ዋጋውን በጽሑፍ ተቀብዬና የራሴን አጎበር ይዤ ነው።