ፒን ልትገዙ ስትሄዱ ሞረድ ያዙ

ድሬዳዋ ውስጥ ሎደር ወይም ኤክስካቫተር የምታሠሩ፣ ይቺን አንብቡልኝ። እኔ ተሸውጃለሁ፤ እናንተ እንዳትሸወዱ።

የኔዋ ያረጀች ባክሆ ሎደር ናት። ደቻቱ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ስትጭን ትውላለች። ባልዲዋን ከክንዷ ጋር እንደ ማጠፊያ የሚያያይዙት ሁለት ፒኖች አለቁና መንገጫገጭ ጀመረች። መለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ እንደ መስታወት የሚያበሩ ሁለት ፒኖች አወጣልኝ። «ሃርድ የተደረገ ነው፤ ኦሪጅናል፣ ወላሂ!» አለኝ። ዋጋው ቶርኖ ቤት ለማስቀረጽ ከጠየቁኝ ግማሽ ነው። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ግራሶ በየጠዋቱ እየሰጠሁ፣ ፒኑ ቡሺንጉ (ፒኑ የሚዞርበት የብረት ቀለበት) በሚያርፍበት ቦታ ተበልቶ ደረጃ ሠራ። ሁለተኛው ጎብጦ በመዶሻ አልወጣ አለ፤ በእሳት ተቆርጦ ወጣ። ከሁሉ የባሰው ግን የክንዱ ቀዳዳ እንቁላል መሰለ። በብየዳ ተሞልቶ እንደገና እስኪቦረቦር ማሽኗ ቆመች። ለዚያ ያወጣሁት ብር ስንት ጥሩ ፒን ይገዛ ነበር! ማሽኗ የቆመችበትን ቀን እንኳ አልቆጠርኩም።

የተበላውን ፒን በምድር ባቡር ወርክሾፕ ላደጉ አንድ ጋሼ ወሰድኩላቸው። ብዙም አላዩትም። ሞረድ አንስተው የተበላውን ቦታ ፈቀፈቁት። እንደ አይብ ተቆረጠ። «ልጄ፣ ይሄ ተራ ብረት ነው። ላዩን ክሮም ነክረውታል» አሉኝ።

ዘዴው ይኸው ነው። የፒን ገላ ጠንካራ፣ ሆዱ ግን ቻይ መሆን አለበት። ተራ ብረት ካርቦኑ ከመቶ 0.25 እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ብታግሉትና ውሃ ውስጥ ብትነክሩትም የረባ ጥንካሬ አይዝም። ለፒን ቢያንስ የብረት ቁጥሩ 1045 የሆነ ይፈለጋል፤ ቻይኖቹ 45 ቁጥር የሚሉት ነው። ከዚያ የተሻለው 4140 ነው፤ ክሮምና ሞሊብዲነም አለበት። ሁለቱም ቢሆኑ ገላቸው በሙቀት ካልጠነከረ አሸዋ ይበላቸዋል። በተቃራኒው አንድ ወዳጄ ጠንካራ ብረት አግሎ ውሃ ውስጥ ነከረና እንዲያው ገጠመው። ድንጋይ ሲነካ እንደ ሸንኮራ ቀጭ አለ። ከተነከረ በኋላ መልሶ በልኩ መሞቅ ነበረበት።

ሱቅ ስትገቡ ቡሺንጉ የሚያርፍበትን ገላ ሞርዱ። ሞረዱ ከተንሸራተተ ጥሩ ምልክት ነው፤ ከነከሰ ትታችሁ ውጡ። ክሮም የተነከረ ከሆነ ግን ሙከራው ያታልላችኋል፤ ክሮም ራሱ ጠንካራ ስለሆነ ሞረዱ ይንሸራተታል፤ ከስሩ ያለውን አይነግራችሁም። እኔ ከእንግዲህ የሚያብለጨልጭ ፒን አልነካም። ከአሮጌ የጭነት መኪና አክስል አስቀርጻለሁ የሚል ካለ፣ ብረቱ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ስንጥቅ እንዳለው ግን ይፈተሽ።

ቡሺንጉንም አደራ። ከፒኑ የለሰለሰ ይሁን፤ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው፤ ርካሹም እሱ ነው።

ፒኖቹን ይዤ ሻጩ ጋ ተመለስኩ። «ኦሪጅናል አላልከኝም?» ብለው፣ «ደረሰኝህን አምጣ» አለኝ። አወጣሁት። «የብረት ዘንግ፣ 2» ይላል። «ታዲያ ብረት አይደለም?» አለና ሻዩን ፉት አለ።

አሁን የምገዛው ሁሉ ደረሰኙ ላይ የብረቱ ቁጥር ተጽፎልኝ ነው። አልጽፍም ያለ ሻጭ፣ መልሱን ሰጥቶኛል።