ለአርቲስቶች የሚሰጠውን የንግድ ስልጠና ወሰድኩ፦ የቱ ቅዳሜ ብሩን ያወጣል?

ሥዕል ለጥፌ ሰው "ስንት ነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ ለዓመታት አንድ መልስ ነበረኝ፦ "ኢንቦክስ"። ኢንቦክስ የመጣው ሰው ደግሞ ዋጋ የሚነገረው እንደ ሰውነቱ ነው። አነጋገሩ ደስ ካለኝ እቀንሳለሁ። ከውጭ የመጣ ከመሰለኝ እጨምራለሁ። ጓደኛ ከሆነ የሸራውንና የቀለሙን ብቻ እቀበላለሁ። በዚህ ዓይነት ስድስት ዓመት ሠራሁ። የቤት ኪራይ የምከፍለው ግን ከሥዕሉ ሳይሆን የሰዎችን ልጆች ሥዕል በማስጠናት ከማገኘው ነበር።

ስለዚህ ለአርቲስቶችና በእጃቸው ሠርተው ለሚሸጡ ሰዎች የቢዝነስና የማርኬቲንግ ስልጠና አለ ሲባል ብዙም ሳላስብ ተመዘገብኩ። ስድስት ቅዳሜ፣ በቀን ሦስት ሰዓት፣ 6,500 ብር። የአዘጋጆቹን ስም አልጽፍም። ምስጋናም ቅሬታም ስላለኝ ነገሩ ማስታወቂያ ወይም ስም ማጥፋት እንዲሆን አልፈልግም። ደግሞም ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ስልጠና እየበዛ ነው፤ ሌላ ቦታ ለመመዝገብ የምታስቡ ሰዎች ከመክፈላችሁ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ከዚህ ታገኛላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሃያ ሁለት ሰዎች ነበርን። ሠዓሊዎች፣ የቆዳ ቦርሳ የሚሠራ ልጅ፣ ጌጣጌጥ የምትሠራ፣ ሁለት ፎቶ አንሺዎች፣ ሽሮሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ዲዛይን የምታደርግ ሴት፣ አንድ ክራር ሠሪ። ይሄ መቀላቀል በራሱ ጥሩ ነበር። ሠዓሊ ከሠዓሊ ጋር ብቻ ሲያወራ ስለ ገዢ ማማረር ይበዛል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜዎች ያስተማሩን መርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ አሁን የሒሳብ ሥራ የሚሠሩ ሴት ናቸው። ስላይድ የላቸውም። ነጭ ሰሌዳና ማርከር ብቻ። ገና ሲጀምሩ እያንዳንዳችን አንድ ሥራ ይዘን እንድንቆም አደረጉ። እኔ 80 በ100 ሳንቲሜትር የሆነ ሥዕል ይዤ ነበር።

"ስንት ነው?" አሉኝ።

"እንደ ሰዉ ነው" አልኩ።

"እንደ ሰዉ የሚባል ዋጋ የለም፣ ልጄ። እስቲ ይሄን ለመሥራት ስንት እንደጨረስሽ ንገሪኝ።"

አላውቀውም። እውነቴን ነው። ስድስት ዓመት ስሠራ አንድ ሥዕል ስንት እንደሚፈጅብኝ ቁጭ ብዬ ደምሬ አላውቅም ነበር። እዚያው ቆሜ አስደመሩኝ። ሸራና ፍሬም 2,800 ብር። ቀለም 1,900። የስቱዲዮ ኪራይ በወር 9,000 ነው፤ በወር 24 ቀን ብሠራ ለቀኑ 375፣ ሥዕሉ የፈጀው ዘጠኝ ቀን ስለሆነ 3,375። ቀጥሎ "የአንቺስ ቀን ስንት ነው?" አሉኝ። ዝም አልኩ። "ግንበኛ በቀን ስንት እንደሚያገኝ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። አውቃለሁ። በቀን 1,200 ብለን ያዝን፣ 10,800 መጣ። ድምሩ 18,875 ብር። ያንን ሥዕል የምሸጠው በ12,000 ነበር።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁሉም የራሱን እየደመረ ነበር መሰለኝ።

ከዚያ የጋለሪ ኮሚሽን መጣ። ይሄን ክፍል ሠዓሊ የሆናችሁ ሁሉ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ሥራዬን የማሳይበት ጋለሪ 40 ከመቶ ይወስዳል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ይበቃኛል በምለው ዋጋ ላይ 40 ከመቶ ጨምሬ ነበር የምሰጣቸው፤ የነሱን እነሱ ይወስዳሉ፣ የእኔ ለእኔ ይቀራል ብዬ። ስህተት ነው። ወጪዬ በሆነው 18,875 ላይ 40 ከመቶ ሲጨመር 26,425 ይሆናል። ጋለሪው ግን የሚቆርጠው ከ26,425ቱ ላይ ነው፣ ማለትም 10,570። ለእኔ የሚቀረው 15,855። ወጪዬ እንኳን አልተሸፈነም፤ 3,020 ብር ከኪሴ። ትክክለኛው መንገድ ወጪውን ለ0.6 ማካፈል ነው፣ 31,458 ይመጣል። በሰሌዳው ላይ ሲያሳዩን አንድ ጎልማሳ ሠዓሊ ተነስቶ ውጭ ወጣ። ሲመለስ "አሥራ አንድ ዓመት" ብቻ ነው ያለው።

ሌላው ያስደነገጠኝ ነገር የምንዛሪው ጉዳይ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በወራት ውስጥ አንድ ዶላር ከ50ዎቹ ቤት ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ገባ። አክሪሊክ ቀለም፣ ብሩሽ፣ ጥሩ ሸራ፣ ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ነው። እኔ ግን ዋጋዬን አልነካሁትም ነበር፤ ገዢ እንዳይሸሽ ፈርቼ። አስተማሪያችን በየሦስት ወሩ ዋጋ እንድንከልስ፣ ትእዛዝ ስንቀበል ደግሞ ቢያንስ የዕቃውን ወጪ የሚሸፍን ቀብድ ሳንይዝ ብሩሽ እንዳናነሳ አሉን። ቀብድ መጠየቅ ነውር የሚመስላችሁ ካላችሁ ልብስ ሰፊ ቤት ሂዱና እዩ። ማንም ልብስ ሰፊ ያለ ቀብድ ጨርቅ አይቆርጥላችሁም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ስለ ውልና ስለ ቅጂ መብት ነበር። አንድ ጠበቃ ነው ያስተማረን። ትንሽ ፈጠን ይላል፣ ግን ጥያቄ አይሰለቸውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ። ሠርተህ ስትጨርስ ጥበቃው ያኔውኑ ይጀምራል፣ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ የኢኮኖሚ መብቱም በሕይወትህ ሙሉና ከሞትህ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ለእኔ አዲስ የሆነብኝ ግን ሌላ ነው፦ ሥዕሉን መሸጥ ማለት የማባዛት መብቱን መሸጥ ማለት አይደለም። ገዢው ሸራውን ነው የገዛው። ካርድ ላይ፣ ቲሸርት ላይ፣ ካላንደር ላይ ላትመው ካለ ለብቻው መጠየቅ አለበት፣ ያውም በጽሑፍ።

ይሄን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። አንድ ካፌ የገዛኝን ሥዕል ሜኑው ላይና የዓመት ካላንደር ላይ አሳትሞት ነበር። እኔም አይቼው "አይ፣ ከገዙት በኋላ የነሱ ነው" ብዬ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ከስልጠናው በኋላ በጠበቃው ናሙና ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ክርክር አልነበረም፣ እነሱም አያውቁም ነበር። ለአንድ ዓመት ፈቃድ 8,000 ብር ከፈሉኝ። የስልጠናው ክፍያ በአንድ ደብዳቤ ተመለሰ ማለት ነው።

እስካሁን ያለው ግሩም ነው። ቅሬታዬ ከአራተኛው ቅዳሜ ይጀምራል።

ማርኬቲንግን ያስተማረን ወጣት ትሑትና ጨዋ ልጅ ነው፣ በግሉ ምንም አልልም። ስላይዱ ግን በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የተዘጋጀውም ሌላ አገር ላለ ሰው ነው። የኢሜይል ዝርዝር ሰብስቡ ይላል። ከሃያ ሁለታችን ደንበኛው በኢሜይል የሚያዘው አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም በቴሌግራም ወይም በስልክ ነው። ድረ ገጽ ክፈቱና ገዢ በካርድ ይክፈል ይላል። የእኛ ገዢ የሚከፍለው በቴሌብር ወይም በባንክ ማስተላለፍ ነው፤ ስክሪንሾት ይልካል፣ እኛ ገንዘቡ መግባቱን አይተን ዕቃውን እንሰጣለን። ሐሰተኛ ስክሪንሾት የሚልክ ሰው ሲያጋጥም ምን ይደረጋል ብላ የጌጣጌጧ ልጅ ጠየቀች። መልስ አልነበረውም። እኛው ተነጋግረን ነው የመለስነው፦ ስክሪንሾቱን ትታችሁ የራሳችሁን ሒሳብ ክፈቱና እዩ።

ምሳሌዎቹም እንደዚያው፣ ሁሉም የውጭ ትልልቅ ኩባንያዎች። እዚሁ ዘነበወርቅ የተጀመረው ሶል ሬብልስ እያለ! ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 ስትጀምር የያዘችው ሁላችንም የምናውቀውን ከመኪና ጎማ የሚሠራ ጫማ ነው፣ በረባሶን። በየመንደሩ የነበረ ነገር ነው። የጎማውን ታሪክ፣ በእጅ የተፈተለውን ጥጥ፣ የሠሪዎቹን ሙያ ከጫማው ጋር አብራ አቅርባ ውጭ አገር ሸጠችው። ለቆዳ ሠሪውና ለሽሮሜዳዋ ሴት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከየት ይመጣል? አንድ ሰዓት ሙሉ ልንወያይበት እንችል ነበር።

ከማርኬቲንጉ ለእኔ የሠራልኝ አንድ ነገር አለ፣ እሱን አልክድም። ያለቀ ሥዕል ብቻ ከመለጠፍ ሲሠራ አሳዩ አለን። ስልኩን ከጎኔ አቁሜ የመጀመሪያውን ንድፍ ስስል፣ ቀለም ስቀላቅል፣ አንዳንዴም ያበላሸሁትን ስጠርግ ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ማውጣት ጀመርኩ። ሰዉ ዘጠኝ ቀን እንደሚፈጅ በዓይኑ ሲያይ ዋጋው ላይ የሚነሳው ክርክር ቀነሰ።

የተቀረውን ማርኬቲንግ ያስተማረችን፣ ትልቅ ምስጋና ይድረሳትና፣ የሽሮሜዳዋ ሴት ናት። በሻይ ሰዓት ነው ያስተማረችን። ዓመቱን በሙሉ በበዓልና በሰርግ ነው የምትከፋፍለው። የጥር ሰርግ ትእዛዝ ኅዳር መጨረሻ ላይ ትዘጋለች። ዐቢይ ጾም ላይ ሰርግ ስለሌለ ያኔ አዲስ ዲዛይን ታወጣለች፣ ፎቶ ታስነሳለች። ከሐምሌ እስከ መስከረም ከአሜሪካና ከዓረብ አገር ለክረምት የሚመጡ ሰዎች ስላሉ ተጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ታበዛለች። እኔ ይሄን ወደ ሥዕል መለስኩት። ለክረምት ተጠቅልለው ቱቦ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ ሸራዎች አዘጋጀሁ። ወደ ውጭ ይዞ ለሚወጣ ሰው ሥራው አዲስ እንጂ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ማውጣት እንደሚያስፈልግም የነገረን ክራር ሠሪው ነው። በስልጠናው ውስጥ ስለዚህ አንድ ቃል አልተነሳም። ግማሽ ገዢያችን ዕቃውን ይዞ የሚሄድ ሰው ሆኖ ይሄ እንዴት ይረሳል?

አምስተኛው ቅዳሜ ከአራተኛው የቀጠለ ስለሆነ አልፈዋለሁ። ስድስተኛው ደግሞ ሥራችንን የምናቀርብበትና "ገዢዎች" የሚጋበዙበት ቀን ይሆናል ተብሎ ነበር፤ የመጡት የአዘጋጆቹ ጓደኞች ናቸው። አንድም ሰው አልሸጠም። ይሄ አሳዝኖኛል፣ ምክንያቱም ከክፍለ ሀገር ሥራውን ጭኖ የመጣ ልጅ ነበር። የማይሆን ነገር ቃል ባይገባ ይሻል ነበር። አስተያየት መስጫ ወረቀቱ ላይ ይሄንኑ ጽፌላቸዋለሁ።

ለመመዝገብ ካሰባችሁ የምመክራችሁ ይሄ ነው። ዋጋ ማውጣት የሚያስተምረው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ራሱ ሸጦ የሚያውቅ ሰው ይሁን። የውል ናሙና በአማርኛ ይሰጣሉ ወይ በሉ። ስለ ክፍያና ስለ መላኪያ የሚያወሩት የዚህን አገር ነው ወይ በሉ። ደግሞ ቅዳሜዎቹን በተናጠል መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። እዚህ አይቻልም ነበር፤ ቢቻል ኖሮ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ብቻ እወስድ ነበር። ለሦስቱ ብቻ 6,500 ብር ጠይቀውኝ ቢሆንም እከፍል ነበር።

አሁን እያንዳንዱ ሥዕል ሥር ዋጋው ተጽፏል። የመጀመሪያው ሳምንት እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የለጠፍኩት። ሁለት የቆዩ ደንበኞች "ምነው ተወደደ?" አሉኝ፤ ድምሩን በፎቶ ላክሁላቸው። አንዷ ዝም አለች። አንዱ ግን በማግስቱ ቀብድ ላከ፤ ሸራውን ትናንት ወጥሬዋለሁ።